ሲላላ ይጠብቃል

ለዚያ ጥሎን ለሄደው፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ቀኑን ሙሉ ገልባጭ መኪና ሥር ተጋድሞ የሚውል ሰው ወገቡ ካልተጠየቀ ምኑ ይጠየቃል ብዬ ነው። እኔ በጣም ደህና ነኝ። እናትህም ደህና ናት፤ ጉልበቷን አሟት ነበር፣ አሁን ግን ተሽሏታል። የላክህላት ሹራብ ሰፍቷት እጅጌውን ሁለቴ እያጠፈች ትለብሰዋለች፤ አይሰፋሽም ወይ ሲሏት ልጄ ሲመጣ እወፍራለሁ ትላለች። ድራመራችን ሚስማር ከወንበሩ ሳይነሳ ሰላም በይልኝ ብሎሃል። ፋርማሲው ያልነው ልጅም ጊታሩን እየቃኘ በዓይኑ ሰላም ብሎሃል። ይኸው፣ ሰላምታው አለቀ። አሁን የያዝከውን አስቀምጥና ቁጭ በል።

አልበሙ ወጣ።

ወጣ እልሃለሁ! ዓርብ ጠዋት ኢንተርኔት ላይ ተለቀቀ፣ እሁድ ከሰዓት አስመረቅነው። ዓርብ ዕለት ሥራ ላይ ነበርኩ፤ መናኸሪያው ጢም ብሎ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሶ፣ እኔ በትኬት መስኮቱ ውስጥ ሆኜ ልቤ ሊወጣ ደርሶ ነበር። መጀመሪያ ለመጣው መንገደኛ ትኬቱን ቆርጬ ስሰጠው አልበሜ ወጣ አልኩት። ሰውየው መልካም መንገድ ያልኩት መስሎት አሜን ብሎኝ ሄደ። እንደ ምርቃት ቆጠርኩት።

ግን ይህን የምጽፍልህ ደስታዬን ልነዛብህ ብቻ አይደለም። ያንተን ዘፈን በተመለከተ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ መልሱ ካንተ በቀር ከማንም አይገኝም፣ እኔም መልሱን ሳላገኝ ማረፍ አልቻልኩም። ከሥሩ ካልነገርኩህ ግን አይገባህምና ታገሠኝ።

ስትሄድ ቆሽቴ አሮ ነበር፤ አልደብቅህም። እናትህን መጦር እንዳለብህ አውቃለሁ፤ የመንገድ ሥራው ካምፕ ለመካኒክ የሚከፍለውን ከተማ ውስጥ ማንም እንደማይከፍል አውቃለሁ። ያንገበገበኝ መሄድህ አይደለም። ቀረጻ ልንጀምር ጥቂት ሲቀረን ቤዝ ጊታርህን ሚስማር ቤት አስቀምጠህ፣ ለእኔ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ መሄድህ ነው። ስንለማመድ ውለን በአውቶቡስ ስንመለስ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ይወስድህ የነበረ ሰው፣ ቢያንስ ለትከሻዬ ቻው ማለት ነበረብህ።

እና ቤዝ ተጫዋች ከየት ይምጣ? ፋርማሲው አንድ ሁለት ሰው አመጣ። አንዱ ጃዝ ካልሆነ አልነካም አለ፤ ሌላው የነካውን ሁሉ አበላሸ። በመጨረሻ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ቤዝህን እኔው አነሳሁት። አልበሙ ላይ የምትሰማው ቤዝ የኔ ነው። ጣቶቼ ቆስለው ትኬት ስቆርጥ ፕላስተሩ ከወረቀቱ ጋር ይጣበቅ ነበር፤ አሁን ደንድነዋል። ክሮቹን ስይዝ ያንተን እጅ የነካሁ ይመስለኝ ነበር። ይህን የነገርኩህ ደስ ስላለኝ ነው፤ በሌላ ቀን ከአፌ አይወጣም ነበር።

ስቱዲዮ ስልህ ደግሞ መስታወትና ምንጣፍ እንዳይመጣብህ። የጋሽ ጸጥታ ስቱዲዮ ከአንድ ላውንድሪ ሥር ያለ ምድር ቤት ነው። ሰውየውን ጋሽ ጸጥታ ያልነው ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት እጁን አንስቶ ጸጥታ ስለሚል ነው። እኛ ጸጥ እንላለን፤ ከላይ ያሉት ማሽኖች ግን ማንንም አይሰሙም። መጭመቅ ሲጀምሩ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል፣ የማይኩ ማቆሚያ ብቻውን ይጨፍራል። ስለዚህ ልብሱ ሲታጠብ እንቀርጻለን፣ ሲጨመቅ እናርፋለን። የላውንድሪዋ ባለቤት ልትጨምቅ ስትል ወለሉን በመጥረጊያ እንጨት ትመታልናለች፤ ብርድ ልብስ ነው ብላ ከጮኸች ወጥተን ዳቦ በልተን እንመለሳለን፣ ካልሲ ነው ካለች ግን ካለንበት አንነቃነቅም።

ስድስተኛው ዘፈን መጨረሻ ላይ አንዱ ማሽን ሳይነገረን ገባብን። ጋሽ ጸጥታ ሊሰርዘው ሲል ሚስማር ተንደርድሮ እጁን ያዘው። ማሽኑ ልክ በሱ ምት ነበር የሚሄደው! በሕይወቱ ከሚስማር ጋር እኩል የሮጠ ነገር ያ ማሽን ብቻ ነው፤ እንዴት ይሰረዛል? እዚያው ተተወ። ስትሰማው ትለየዋለህ፤ ድራሙ ካቆመ በኋላ የሚያጉረመርመው እሱ ነው። የአልበሙም ስም ከዚያ መጣ፤ «ከላውንድሪው ሥር» ይባላል። ሽፋኑ ላይ ያለው አንድ እግር ካልሲ የሚስማር ነው። ሁለተኛው እግር እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ሚስማር ያው ሚስማር ነው። ሲያስገባን አንድ ሁለት ይላል፤ ሦስትና አራት ለሱ ትርፍ ናቸው። ጋሽ ጸጥታ ጆሮው ላይ የምት መቁጠሪያ ቢያደርግለት፣ ይሄ ነገር ወደ ኋላ ቀረብኝ ብሎ አወለቀው። ሽማግሌው ልጄ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ቢለው፣ ጋሼ እኛ እኮ የምንፈልገው እንዲፈታ ነው አለው። እናትህ በበኩሏ ይሄ ፖፕ ፓንክ የምትሉት ምን ዓይነት ዘፈን ነው ብላ ጠይቃኝ እየዘለሉ የሚያለቅሱበት ነው ብያታለሁ። ቁጭ ብሎ ማልቀስ ምን ከልክሏችሁ ነው አለችኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልን አሥር ዘፈን ቀረጽን። ፋርማሲው፣ ከመድኃኒት ቤቱ ነጭ ጋወኑን ሳያወልቅ የሚመጣው ፋርማሲው፣ አሥር አይበቃም፣ አንድ ይጨመር አለ። አንድም የቀረ ግጥም አልነበረንም። ያኔ ሚስማር ጆሮውን ማከክ ጀመረ። ሚስማር ጆሮውን ካከከ የደበቀው ነገር አለ ማለት ነው፤ አንተም ታውቀዋለህ። አፋጥጠን ስንይዘው፣ በሄድክበት ጠዋት ለእሷ ስጣት ብለህ የሰጠኸው ግጥም የድራሙ ሳጥን ውስጥ እንዳለ ተናገረ። በንዴቷ ትቀደዋለች፣ እስክትበርድ ይቆይ ብሎ ነው አሉ። አንቄ ልገድለው ነበር፣ ፋርማሲው ገላገለን።

ግጥሙን አንተ ታውቀዋለህ። ግን ለኔ እንዴት ሆኖ እንደታየኝ እንድታይ ልጻፍልህ፦

መንገድ ቢወስደኝም፣
በሩ ቢዘጋብኝም፣
ክሬ ይጠብቃል፣
እጄ ይጠብቃል፣
ልቤ ይጠብቃል።

እስቲ ፍረደኝ፤ እኔ ምን ልረዳ? አንተ መካኒክ ነህ። ኪያቤ ይዘህ ይጠብቃል አይጠብቅም እያልክ ከብሎን ጋር ስትከራከር ነው የማውቅህ። ቤዝ ስትቃኝ እንኳ ክሩ ትንሽ ይጠብቃል ትል ነበር። እኔም እንደዚያው አላልቼ፣ የብሎኑን ይጠብቃል አድርጌ አነበብኩት። ክሩ ይወጠራል፣ እጁ ይጨበጣል፣ ልቡ ይጠጥራል። በሩ ተዘግቷል፣ ሰውየው ሄዷል፣ ልቡንም እንደ ጎማ ብሎን ጥርቅም አድርጎ አስሮታል። ስንብት ነው አልኩ። በአፉ ሊለኝ ያልደፈረውን በወረቀት አለኝ አልኩ።

በዚያ ንዴት ዘፈንኩት። ጋሽ ጸጥታ አንዴ ብቻ ነው የቀረጸኝ፤ ድገሚው ሳይለኝ ማዳመጫውን አውልቆ ውኃ አቀበለኝ። አዝማቹን እኔ፣ ሚስማር፣ ፋርማሲውና የላውንድሪዋ ባለቤት አንድ ማይክ ከብበን ጮህነው። እሷ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ ነው የወረደችው፤ ድምፅ አላት፣ ጣሪያው በመጥረጊያ እንጨት የተመታ ይመስላል። በሚስማር ፍጥነት ደግሞ ቃሉ ይጥበቅ ይላላ ማን ይለየዋል? አፋችን «ይጠ» ላይ ሳለ ድራሙ «ቃል» ላይ ደርሷል።

አሁን ወደ እሁዱ ልውሰድህ። የት እንዳስመረቅነው ገምት። አንተ በነበርክበት ጋራዥ ነው! አለቃህ የነበረው ሰውዬ ራሱ ነው የፈቀደው፤ የእረፍት ቀን ነው ብሎ መኪኖቹን ሁሉ አስገፍቶ አወጣ፣ ወለሉ ላይ ያለውን ዘይት በሰጋቱራ አስደርቆ አስጠረገ። ሚስማር የመኪና ማንሻውን ሲያይ ዓይኑ በራ። ከነድራሜ አንሱኝ ብሎ ለመነ፤ አለቃህም የመኪና ክብደት እንኳ የለህም እያለ አነሳው። ከሰው ራስ በላይ ተሰቅሎ ነው የተጫወተው። እናትህን ከአንድ ሚኒባስ የተነቀለ ወንበር አምጥተን ከፊት አስቀመጥናት። ፋርማሲው ለጆሮዋ ጥጥ ሰጣት፤ እሷ አንዱን ጆሮ ብቻ ደፈነች፣ ሌላውን ለግጥሙ ተዪልኝ አለችኝ።

ሰው ደግሞ ሞላ። አንድም ሰው አይመጣም ብዬ ስፈራ ነበር፤ የመናኸሪያው ሾፌሮች መጡ፣ የላውንድሪዋ ደንበኞች መጡ፣ በሕይወቴ አይቻቸው የማላውቅ የትምህርት ቤት ልጆች ዘፈኖቹን ከኛ ቀድመው እየዘፈኑ መጡ። የድሮ ባልደረቦችህ ቱታቸውን እንደለበሱ ከፊት ተደርድረው ቆሙ። ከሲዲው ጋር ግጥሞቹን አሳትመን ስለነበር ሁሉም ወረቀቱን በእጁ ይዟል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ስድስተኛው ዘፈን ሲያልቅ ሕዝቡ በአንድ አፍ እንደ ማሽን ሲያጉረመርም የላውንድሪዋ ባለቤት በሳቅ ፈረሰች።

ያንተን ዘፈን ለመጨረሻ አቆየነው። የመጀመሪያው አዝማች እንደተቀረጸው በንዴቴ አለፈ። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ግን የሚስማር አንዱ ዱላ ከእጁ አመለጠና ከማንሻው ላይ ወደቀ። እሱ አንድ ዱላ ብቻ ይዞ ላይ ተሰቅሎ ቀረ፤ ድራሙ ቆመ። እኛም ግራ ተጋብተን ቆምን። ሰው ግን አላቆመም። የሚያሯሯጠው ድራም ስለሌለ ወረቀቱን እያየ፣ ረጋ ብሎ፣ በራሱ ጉሮሮ ቀጠለ። ክሬ ይጠብቃል። እጄ ይጠብቃል። ልቤ ይጠብቃል።

አጥብቀው ነበር የሚሉት። ብ ላይ ሲደርሱ ረግጠዋት፣ ተደላድለው ተቀምጠውባት ነበር የሚያልፉት። የብሎኑን አይደለም፤ የመናኸሪያውን ነው፣ ሰው ሰውን የሚጠብቀውን። ክሬ እዚያው ሆኖ ይጠብቃል። እጄም ይጠብቃል። ልቤም ይጠብቃል፣ መንገድ ቢወስደኝም። ብሎን ሲያጠብቁ የሚውሉት መካኒኮች እንኳ እንዲያ ነበር ያሉት፤ አንዳቸውም የብሎኑን አላሉም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። እኔ ቀኑን ሙሉ የሚጠብቅ ሰው ፊት ተቀምጬ የምውል ሴት ነኝ። ከራሴ በላይ እባክዎ ይጠብቁ የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። እንዴት አልታየኝም? ሁለት ሰው በአንድ ቃል ሲለያይ ሰምቼ አውቃለሁ፤ በአንዲት ፊደል መጥበቅና መላላት ግን ከኔ ሌላ ማን እንዲህ ይሆናል?

እጄ ክሩ ላይ ቀረ። ከዚያ እንባዬ መጣ። ይሉኝታዬን ትቼ ሕዝቡ መሃል አለቀስኩ። ሚስማር ዱላውን አቀብለውት ሲመለስ አዝማቹን እንደነሱ፣ አጥብቄ ዘፈንኩት። ድምፄ ተሰነጠቀ፤ ሰው ግን ፓንክ ነው ብሎ አጨበጨበ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መዝለሉም ማልቀሱም አንድ ላይ ሆነልኝ።

ከዚያ በኋላ ጭቅጭቁ ተነሳ። ሚስማር አሁንም የብሎኑ ነው ብሎ ድርቅ ብሏል፤ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ፊቱ የብሎን ነበር ይላል። ፋርማሲው የመናኸሪያው ነው፣ እሱ የሚሠራው ሞተር ላይ ነው እንጂ ልቡ ሞተር አይደለም ይላል። ጋሽ ጸጥታን ብጠይቀው፣ እኔ ከመጀመሪያውም የመናኸሪያው መስሎኝ ነበር፣ አንቺ አላልተሽ ስትዘፍኚው ስታይል ነው ብዬ ተውኩሽ አለኝ። ስታይል! እናትህ ደግሞ ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝና ይህን የጻፈው ልጄ ነው ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። የሚጠብቀው እኔን ነው አንቺን አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እሷም እኔን ከሆነ ይምጣ፣ አንቺንም ከሆነ ይምጣ አለች። ሙግቱ ለእሷ እዚያው ላይ አበቃ።

ለእኔ ግን አላበቃም። ትናንት ከሬዲዮ ጣቢያው ደወሉልኝ። ዘፈኑን ወደውት በወሩ መጨረሻ ስቱዲዮአቸው መጥተን በቀጥታ እንድንጫወተው ይፈልጋሉ። አስተዋዋቂው ትሑት ሰው ነው፤ ርዕሱን፣ «ይጠብቃል»ን፣ አጥብቄ ልጥራው አላልቼ ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? እነግርሃለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። የእሁዱ ሕዝብ ያለው ስለጣፈጠኝ ብቻ ያላልከውን አንተ አልክ ብዬ በሬዲዮ ልዘምር አልችልም። ሕዝቡ ያንተን ልብ አያውቅም፤ ወረቀት ነው ያነበበው፣ እንደ እኔ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው ነው። ሲላላ ይጠብቃል፤ ሲጠብቅም ይጠብቃል። አንተ የጻፍከው የቱን ነው?

አየኸው ችግሩን? ጽፌልህ እንኳ ሁለቱም አንድ ሆኑ። ይጠብቃል ብለህ ብትመልስልኝ ባዶ ወረቀት እንደላክህልኝ ቁጠረው። የብሎኑ ነው፣ የመናኸሪያው ነው ብለህም አትጻፍልኝ። ወረቀት ላይ ደግ ሰው ነህ፤ እንዳልከፋ የቱን እንደምትመርጥልኝ አውቀዋለሁ። አፍህ ግን መዋሸት አይችልበትም፤ ለዚህም ይሆናል ቻው ሳትለኝ የሄድከው።

የብሎኑ ከሆነም አልሞትም። ፊቴ ቆመህ አላልተህ በለኝ፤ እኔም እንደቀረጽኩት እዘፍነዋለሁ፣ ቤዝህንም ታጥቦ ተወልውሎ ትረከባለህ። ሌላኛው ከሆነ ግን አንዴ ብቻ፣ ያቺን ብ ረገጥ አድርገህ ብትላት ይበቃኛል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የካምፑ የቀለብ መኪና ሾፌር ነው። ጭነቱን ካራገፈ በኋላ ባዶውን እንደሚመለስ፣ ከጎኑ ያለው ወንበርም ሁልጊዜ ክፍት እንደሆነ አጫውቶኛል። ለሰው ስለ ክፍት ወንበር መንገር ሥራዬ ነው፤ ለአንተም ነገርኩህ። መልስ ጽፈህ በእጁ እንዳትሰጠው። ተሳፍረህ ና፣ በአፍህ በለው።

እስከዚያው መኪና ሥር ስትገባ ክሪኩ አይክዳህ። ከናዳው፣ ከአቧራው፣ ከክፉ አለቃ ይሰውርህ። ወገብህን ያጽናልህ፣ መንገዱንም ያቅናልህ።

እናትህ ለሰው ሁሉ «ምራቴ ናት» እያለች የምታስተዋውቀኝ፣ እኔም እስካሁን ያላረምኳት